ፋይብሮስካን፦ ስቡን የሚገምት፣ ጥንካሬውን የሚለካ የጉበት ምርመራ

ስለ ሕክምና መሣሪያ አስተያየት መጻፍ ስለ ስልክ ወይም ስለ ጫማ የመጻፍን ያህል ቀላል አይደለም፤ መሣሪያውን የሚይዘው ባለሙያው ሲሆን ውጤቱን ተሸክሞ ወደ ቤቱ የሚገባው ግን ታካሚው ነውና። ፋይብሮስካን የተባለውን የጉበት ምርመራ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተመርምሬያለሁ። ለምርመራው ያበቃኝ ለሌላ ጉዳይ በተነሣሁት የሆድ አልትራሳውንድ ውጤት ግርጌ «ጉበቱ ላይ ስብ ይታያል» የምትል አንዲት መስመር መጻፏ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያነበብሁት፣ ሐኪሞችን የጠየቅሁትና በራሴ ላይ ያየሁት ተደማምሮ አንድ አቋም አስይዞኛል፤ መሣሪያው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን አብዛኞቻችን ከውጤት ወረቀቱ ላይ ቀድመን የምናነብበው ቁጥር ቀድሞ ሊነበብ የሚገባው ቁጥር አይደለም።

ምርመራው ከዝግጅቱ ጋር አሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ ያደርጋል፤ ይህም በጎድን አጥንቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለማስፋት ነው። ባለሙያው ቆዳው ላይ ጄል ቀብቶ መመርመሪያውን በቀኝ በኩል ባሉ ሁለት የጎድን አጥንቶች መካከል ያሳርፈዋል፤ ከዚያም እንደ ቀላል ኩርኩም ያለ ምት በተከታታይ ይሰማል። መርፌ የለም፣ ማደንዘዣ የለም፣ ሕመምም የለም። ትንፋሽን ያዝ ማድረግና አለመንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚጠየቀው። ተቀባይነት ያላቸው አሥር ልኬቶች ሲሟሉ መሣሪያው መካከለኛ ዋጋቸውን አውጥቶ ሁለት ቁጥሮችን ያሳያል፤ አንደኛው የጉበትን ጥንካሬ በኪሎፓስካል፣ ሁለተኛው በጉበት ውስጥ ያለውን የስብ መጠን በተዘዋዋሪ መንገድ በዴሲቤል በሜትር የሚገልጽ ነው።

አሠራሩ ቀላል ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ያ ቀላል ኩርኩም በ50 ኸርትዝ የሚርገበገብ ንዝረት ሲሆን በጉበት ውስጥ ሞገድ ሆኖ ይጓዛል። ሞገዱ ለስላሳ በሆነ ጉበት ውስጥ ቀስ ብሎ፣ በጠባሳ በጠነከረ ጉበት ውስጥ ደግሞ ፈጥኖ ያልፋል። መሣሪያው የሞገዱን ጉዞ በአልትራሳውንድ እየተከታተለ ፍጥነቱን ይለካና ወደ ጥንካሬ ይለውጠዋል፤ ንባቡ እስከ 75 ኪሎፓስካል ይደርሳል። የስቡ ግምት ደግሞ የሚገኘው አልትራሳውንድ በስብ ውስጥ ሲያልፍ ከወትሮው ይልቅ ስለሚደክም ነው፤ ሲኤፒ የሚባለው ይህ መለኪያ ከ100 እስከ 400 ይዘልቃል። መሣሪያውን የሠራው ኤኮሳንስ የተባለ የፈረንሣይ ኩባንያ ሲሆን የጥንካሬው መለኪያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ፣ የስቡ መለኪያ ደግሞ ከ2010 ጀምሮ በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ይገኛሉ። ልኬቱ የሚያርፍበት የጉበት ክፍል በመርፌ ከሚወሰደው ናሙና 100 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በመርፌ የሚወጣው ቁራጭ የጉበትን 50,000ኛ እጅ የሚያህል በመሆኑ ይህ ቀላል ብልጫ አይደለም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። የመጀመሪያውን ምርመራ ያደረግሁበት ክሊኒክ የቀጠሮውን ሰዓት ሲነግረኝ ሆዴ ባዶ መሆን እንዳለበት አልነገረኝም ነበር። ስለዚህ በልቼ ወዲያው ሄድሁ። የጥንካሬው ውጤት 9.2 ኪሎፓስካል ሆኖ ወጣ፤ ባለሙያዋም ፊቷን ከስክሪኑ ሳታነሣ «ጠባሳ ሳይጀምር አልቀረም» አለችኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን እዚህ ላይ መዘርዘር አያስፈልግም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ሐኪም ወረቀቱን አይተው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ከምርመራው በፊት በልተህ ነበር?» የሚል ሆነ። ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከምግብ ተከልክዬ ምርመራው ሲደገም ውጤቱ 5.8 ሆነ። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም፤ ከምግብ በኋላ ከአንጀት ወደ ጉበት የሚጎርፈው ደም ስለሚበዛ ጉበቱ ለጊዜው ይወጠራል፤ መሣሪያው ደግሞ ውጥረቱ ከደም ይሁን ከጠባሳ መለየት አይችልም። በዚህ ጉዳይ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም። አንድ ዐረፍተ ነገር ለመናገር የሰነፈ አገልግሎት ግን ታካሚን ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ሊነሳው ይችላል።

የስቡ ቁጥር በሁለቱም ቀን ብዙም አልተለያየም፤ መጀመሪያ 304፣ ቀጥሎ 297 ነበር። በስፋት በሚሠራባቸው መነሻዎች መሠረት ከ248 በላይ ሲሆን ስብ መኖሩ ይታሰባል፤ ከ280 በላይ ከሆነ ደግሞ በከፍተኛው ደረጃ ይመደባል። ወረቀቴ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተከበበው ይህ ቁጥር ብቻ ነው። ቤተሰቤም ጓደኞቼም የጠየቁኝ ስለ እርሱ ነው። ለምን ይህን ያህል ትኩረት እንደሳበ ለመረዳት ስቡ በሕዋስ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል፤ ለእኔም ከመሣሪያው ይልቅ የበለጠ ያስተማረኝ ይኸው ነው።

ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ እ.ኤ.አ. በ1858 በበርሊን በሰጣቸው ትምህርቶች የበሽታ መነሻ ሕዋስ መሆኑን ሲያስረዳ ስለ ስብም ተናግሯል፤ ከውጭ ገብቶ በሕዋስ ውስጥ የተጠራቀመን ስብ፣ ሕዋሱ ራሱ ሲበላሽ ከሚታየው ስብ ለይቶ ለማየት ሞክሯል። የዛሬው ዕውቀት ክፍፍሉን በዚያ መልኩ አይቀበለውም፤ ጥያቄው ግን ሕያው ነው። ስብ የሕዋስ ጉዳት ምክንያት ነው ወይስ ምልክት? ዛሬ የሕክምና ተማሪዎች የሚማሩት መልስ የሚከተለው ነው። ትራይግሊሰራይድ የተባለው የስብ ዓይነት በሕዋስ ውስጥ መጠራቀሙ፣ ስቲያቶሲስ የሚባለው፣ ሊቀለበስ የሚችል ጉዳት ምልክት ነው። ሕዋሱ አልሞተም፤ ሥራውን ግን በወጉ እየሠራ አይደለም። ይህ ከሁሉ በላይ የሚታየው በጉበት ነው፤ ምክንያቱም ስብን የሚያቃጥለው፣ የሚያዘጋጀውና የሚያከፋፍለው ዋነኛ አካል ጉበት ነው። በልብ፣ በኩላሊትና በአጥንት ጡንቻም ይከሰታል።

ጉበትን የዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን አድርጎ ማሰብ ይቻላል። ወደ መጋዘኑ የሚገባው ስብ ከሦስት በር ይመጣል። የሰባ ጉበት ባላቸው ሰዎች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት፣ በጉበት ውስጥ ከተገኘው ትራይግሊሰራይድ 59 በመቶ ያህሉ በደም ውስጥ ከሚዘዋወሩት፣ በአብዛኛው ከሰውነት ስብ ከሚለቀቁት ፋቲ አሲዶች (የስብ መገንቢያዎች)፣ 26 በመቶ ያህሉ ጉበቱ ራሱ በተለይ ከስኳር ከሠራው፣ 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ደግሞ ከምግብ በቀጥታ የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። «የሰባ ስለበላ ነው ጉበቱ የሰባው» የሚለውን የተለመደ አባባል ይህ ቁጥር ብዙ ያዳክመዋል። መውጫው ደግሞ ሁለት ነው። አንድም ማይቶኮንድሪያ በተባለው የሕዋሱ ማቃጠያ ውስጥ ይቃጠላል፤ አልያም አፖፕሮቲን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ታሽጎ ወደ ደም ይላካል። ከእነዚህ በሮች አንዱ ከመጠን በላይ ሲከፈት ወይም ሲዘጋ መጋዘኑ ይሞላል።

በሽታዎቹና መርዞቹ የሚለያዩት በየትኛው በር ላይ እንደሚቆሙ ነው። ሰውነት ለኢንሱሊን መታዘዝ ሲያቅተው፣ በውፍረትና በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ እንደሚሆነው፣ የመግቢያው በር ወለል ብሎ ይከፈታል። ረዘም ያለ ረሃብም ከሰውነት ስብ ፋቲ አሲድ ስለሚያስለቅቅ ይህንኑ ያደርጋል። አልኮል በተለይ ክፉ ነው፤ ሲፈጭ የሕዋሱን የኬሚካል ሚዛን ስለሚለውጥ ስብ ከመቃጠል ይልቅ እንዲከማች ይገፋል፣ ማይቶኮንድሪያውንም ይጎዳል፣ መላኪያውንም ያሰናክላል። የኦክስጂን እጥረት ማቃጠያውን ያጠፋል። ከባድ የፕሮቲን እጥረት ያለበት ሕፃን ደግሞ ስቡን አሽጎ ለመላክ የሚያስፈልገው አፖፕሮቲን ያጥረዋል፤ ክዋሺዮርኮር የያዘው ሕፃን ሰውነቱ ከስቶ ሳለ ጉበቱ በስብ የሚያብጠው ስለዚህ ነው። ያበጠው ጉበት የሰባ መሆኑን ያወቅሁት አሁን ነው፤ እስካሁን ጥጋብና ጉበት ላይ ያለ ስብ ተነጣጥለው የማይታዩ ይመስሉኝ ነበር።

ለዚህ ሁሉ የትምህርት ቤት ምሳሌ የሆነው በአንድ ወቅት ለልብስ እጥበት ያገለግል የነበረው ካርቦን ቴትራክሎራይድ ነው። ኬሚካሉ ራሱ ብዙም አይጎዳም፤ የሚጎዳው የጉበት ሕዋስ ሊያስወግደው ሲሞክር ነው። በሕዋሱ ውስጥ ያለው ሳይቶክሮም ፒ450 የተባለ ኢንዛይም ኬሚካሉን ፍሪ ራዲካል ወደሚባል፣ ያገኘውን ወደሚያጠቃ ሞለኪውል ይለውጠዋል፤ ያም የሕዋሱን ሽፋኖች ስብ በሰንሰለት መልክ ያቃጥላል። ከ30 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጉበት ፕሮቲን የመሥራት አቅሙ ይወድቃል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም የተባለው የሕዋስ ክፍል ያብጣል፤ ፕሮቲን የሚሠሩት ራይቦሶሞችም ከሽፋኑ ይላቀቃሉ። አፖፕሮቲን ከሌለ ስቡ የሚወጣበት መንገድ የለም፤ ይከማቻል። እዚህ ላይ ስቡ ወንጀለኛው አይደለም፤ ወንጀሉ የተፈጸመበት ቤት ውስጥ የተገኘ ዕቃ ነው።

በማይክሮስኮፕ የሚታየው ነገርም የራሱ አስገራሚ ገጽታ አለው። በተለመደው ዘዴ የተዘጋጀ የጉበት ናሙና ላይ ስቡ አይታይም፤ ናሙናውን ለማዘጋጀት የሚጠቅሙት አልኮልና ዛይሊን ስቡን አሟሙተው ስለሚያወጡት የሚቀረው ባዶ፣ ንጹሕ ክብ ጉድጓድ ብቻ ነው። ስቡን ራሱን ማየት የሚፈልግ የፓቶሎጂ ባለሙያ ናሙናውን አቀዝቅዞ ይቆርጥና ሱዳን ወይም ኦይል ሬድ ኦ በተባሉ ቀለሞች ይቀባዋል፤ ያን ጊዜ ጠብታዎቹ በብርቱካናማና በቀይ መካከል ባለ ቀለም ይደምቃሉ። ጠብታዎቹ ሲበዙ ይዋሃዱና አንድ ትልቅ ጠብታ ሆነው የሕዋሱን ኒውክለስ ወደ ዳር ይገፉታል። ጤነኛ የአዋቂ ጉበት ክብደቱ 1.5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ለረጅም ጊዜ በብዛት በሚጠጣ ሰው ላይ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ግራም ሊደርስ፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ ሊለወጥ፣ ሲነካም ቅባት ቅባት ሊል ይችላል። በጽኑ የደም ማነስ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ኦክስጂን ያነሰው ልብ ደግሞ በውስጥ ገጹ ላይ ብጫና ቀይ ቡናማ መስመሮች ይፈራረቁበታል፤ መማሪያ መጻሕፍት ከነብር ቆዳ ጋር ያመሳስሉታል።

ሁሉም ስብ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ፋይብሮስካን ከማይናገራቸው ነገሮች አንዱም ይህ ነው። በአብዛኛው የሚታየው ትልልቅ ጠብታ ያለበት ስብ ሲሆን ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊኖር ይችላል። ጥቃቅን ጠብታዎች ሕዋሱን ሞልተው ኒውክለሱ ግን መካከል ላይ የሚቀርበት ሁለተኛው ዓይነት ብዙ ጊዜ ማይቶኮንድሪያው በድንገትና በከባድ ሁኔታ መጎዳቱን ያመለክታል። በእርግዝና መጨረሻ የሚከሰተው አጣዳፊ የጉበት ስብ፣ አውስትራሊያዊው ሐኪም ዳግላስ ሬይ እ.ኤ.አ. በ1963 የገለጸውና ቫይረስ በያዛቸው ሕፃናት ላይ ከአስፕሪን ጋር የተያያዘው ሕመም፣ አንዳንድ ጊዜም ቫልፕሮይክ አሲድ የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚያስከትለው ጉዳት ከዚህ ወገን ናቸው። በእነዚህ የስቡ መጠን ያን ያህል ሳይሆን ታካሚው በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የስብን ብዛት ብቻ የሚገምት ቁጥር ለእንዲህ ዓይነቱ ሁኔታ መለኪያ ሊሆን አይችልም፤ ለዚያ ተብሎም አልተሠራም።

ታዲያ የተለመደው፣ ዝምተኛው ስብ መዘዙ ምንድን ነው? በብዙ ሰዎች ላይ ስቡ ስብ እንደ ሆነ ይቀራል። በተወሰኑት ላይ ግን ፋቲ አሲዶቹና ከእነርሱ የሚወጡት ውጤቶች ሕዋሱን ይመርዙታል፤ ሕዋሱ እንደ ፊኛ ያብጣል፣ አንዳንዱም ይሞታል፣ የሞተውን ለማንሣት የሚመጡት የመከላከያ ሕዋሳት እብጠትና ቁጣ፣ ማለትም ብግነት፣ ያስነሣሉ። በዚህ መካከል ወሳኙን ሚና የሚጫወቱት በሰላሙ ጊዜ ቫይታሚን ኤ የሚያስቀምጡት ኮከብ መሰል ሕዋሳት ናቸው። ጉዳቱ ሲቀሰቅሳቸው ጠባያቸውን ለውጠው ኮላጅን መሥራት ይጀምራሉ፤ ኮላጅኑ ጠባሳ ነው። ጠባሳው ሲበዛ ጉበት በጠንካራ ጉብታዎች ይከፋፈላል፤ ይህም ሲሮሲስ ነው። ደም በጉበት ውስጥ ማለፍ ሲያቅተው ሆድ ውኃ ይቋጥራል፤ የጉሮሮ ደም ሥሮችም ያብጣሉ፣ ሊፈነዱም ይችላሉ። የጉበት ካንሰርም ይከተላል፤ በዚህ በሽታ ላይ ካንሰሩ አንዳንድ ጊዜ ሲሮሲስን ሳይጠብቅ መምጣቱ ከሌሎቹ የጉበት በሽታዎች ይለየዋል። ሆኖም የሰባ ጉበት ያለባቸውን ሰዎች በብዛት የሚገድለው ጉበታቸው ሳይሆን ልባቸውና የደም ሥሮቻቸው ናቸው፤ የስቡ ቁጥር የተከበበበት ወረቀት ይዞ የሚወጣ ሰው የደም ግፊቱን፣ ስኳሩንና ኮሌስትሮሉን መለካት ሳያስታውሱት ከሄደ አገልግሎቱ ግማሹን ሥራ አልሠራም።

ከሁሉም ያስገረመኝ ስቡ ሕዋሱን የሚከላከልበት ጊዜ መኖሩ ነው። ነጻ ፋቲ አሲድ መርዛማ ነው፤ ትራይግሊሰራይድ ሆኖ በጠብታ ውስጥ ሲታሸግ ግን ያን ያህል አይጎዳም። ተመራማሪዎች ይህንን ለመፈተን በአይጦች ላይ ትራይግሊሰራይድ የሚሠራውን አንድ ኢንዛይም ሥራ ቀነሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው በጉበታቸው ያለው ስብ ቀነሰ፣ የሕዋሱ ጉዳትና ጠባሳው ግን ባሰ። በሰው ላይም ተመሳሳይ ትምህርት የሚሰጥ ክስተት አለ፤ በሽታው ወደ ሲሮሲስ ሲደርስ ስቡ ብዙ ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። እንዲህ ያለው ሰው ፋይብሮስካን ቢመረመር የስቡ ቁጥር ዝቅ፣ የጥንካሬው ቁጥር ደግሞ ከፍ ብሎ ይታያል። የስቡን ቁጥር ብቻ አይቶ «ተሻሻልህ» የሚለው ባለሙያ ካጋጠመው አደጋው ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ወረቀቴ ላይ ያለው ቀይ ክብ ያሳሰበኝ ከዚህ የተነሣ ነው።

መሣሪያው በጥንካሬው ረገድ ያለው ዋና ብርታት «የለም» ለማለት ነው። ከ8 ኪሎፓስካል በታች የሆነ ንባብ የገፋ ጠባሳ የመኖሩን ዕድል እጅግ ዝቅተኛ ያደርገዋል። ከ12 በላይ ሲሆን ሥጋቱ ይጎላል፤ በመካከሉ ያለው ግን ተጨማሪ ምርመራ የሚጠይቅ ጭጋጋማ ክልል ነው። «አዎ» ለማለት ሲነሣ መሣሪያው ይደክማል፤ ምግብ ብቻ ሳይሆን አጣዳፊ የጉበት ብግነት፣ የሐሞት መንገድ መዘጋትና ደም የሚያቆር የልብ ድካም ጥንካሬውን በሐሰት ከፍ ያደርጉታልና። ሆዱ ውኃ በቋጠረ ሰው ላይ ሞገዱ አያልፍም፤ ወፍራም ሰው ላይም መደበኛው መመርመሪያ ጉበቱ ጋ ላይደርስ ስለሚችል ኤክስኤል የሚባለው መመርመሪያ ያስፈልጋል። ክሊኒኩ ይህ መመርመሪያ እንዳለው ሳይጠይቁ መሄድ ጊዜ ማባከን ሊሆን ይችላል፤ ምርመራውን በብዛት የሚፈልጉት ራሳቸው ወፍራም የሆኑት ናቸውና ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

ከሌሎቹ ምርመራዎች ጋር ሲነጻጸር ቦታው ግልጽ ነው። ተራው አልትራሳውንድ ስብን የሚያየው ከጉበቱ ሕዋሳት 20 ወይም 30 በመቶ ያህሉ ሲሰቡ ነው፤ ስብ በዛ ለመባል ግን 5 በመቶ በቂ ነው። ኤምአርአይ ስብን በመለካት ከፋይብሮስካን በእጅጉ ይበልጣል፤ የስቡን ለውጥ በትክክል መከታተል ለሚሻ እርሱ ይመረጣል፣ ለሁሉም ሰው ይደረግ ማለት ግን የሚያስኬድ አይደለም። በመርፌ የሚወሰደው ናሙና ብቻውን ያበጡትን ሕዋሳትና ብግነቱን በዓይን ያሳያል፤ ሆኖም መድማትን ሊያስከትል ይችላል፣ የሚያየውም ከትልቅ ጉበት ትንሽ ቁራጭ ነው። ከሁሉም በፊት መምጣት ያለበት ደግሞ ፊብ-4 የተባለው፣ ዕድሜን፣ ሁለት የጉበት ኢንዛይሞችንና ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን የፕሌትሌቶች ቁጥር ብቻ የሚጠይቀው ስሌት ነው። ውጤቱ ከ1.3 በታች ከሆነ አብዛኛው ሰው ፋይብሮስካን ባያደርግም ይችላል። እኔ ይህን ስሌት ማንም ሳያሰላልኝ ነው ወደ መሣሪያው የተላክሁት፤ በኋላ ራሴ ሳሰላው 0.9 ሆኖ አገኘሁት።

የጥንካሬው ቁጥር ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ክብደት ያገኘበት ሌላ ምክንያት አለ። በሽታው እ.ኤ.አ. በ2023 አዲስ ስም ወጥቶለት ከውፍረት፣ ከስኳርና ከደም ግፊት ጋር ያለው ዝምድና በስሙ ውስጥ ገብቷል። በመጋቢት 2024 ሬስሜቲሮም፣ በነሐሴ 2025 ደግሞ ሴማግሉታይድ የተባሉት መድኃኒቶች በአሜሪካ ለዚህ በሽታ ሕክምና ተፈቅደዋል፤ ዓመቶቹም እንደ ቀደሙት የአውሮፓውያን ናቸው። ሁለቱም የተፈቀዱት ስብ ላለበት ሁሉ ሳይሆን ጉበታቸው ላይ መካከለኛ ወይም የገፋ ጠባሳ ላለባቸው፣ ሲሮሲስ ላልደረሱ ሰዎች ነው። ማን መድኃኒቱ ይገባዋል የሚለውን ለመወሰን ሐኪሙ በአብዛኛው የሚመለከተው የጥንካሬውን ቁጥር ነው። መድኃኒት ለማያስፈልገው ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሰው ያለው መንገድ የቆየው መንገድ ነው፤ ከሰውነት ክብደት ከ3 እስከ 5 በመቶ መቀነስ ስቡን ያሳንሳል፣ ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብግነቱን ያበርዳል፣ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሲቀነስ ጠባሳው ራሱ ሊሻሻል ይችላል። አልኮል ያመጣው ስብ ደግሞ መጠጡ ከቆመ በሳምንታት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ሕዋሱ ስቡን ሲይዝ ሊቀለበስ የሚችል ጉዳት ውስጥ ነው ያልነው ትርጉሙ እዚህ ላይ ይታያል።

ሁለተኛውን ምርመራ ያደረጉልኝ ሐኪም አገልግሎት ምን መምሰል እንዳለበት አሳይተውኛል። ወረቀቱን ከመስጠታቸው በፊት በአሥሩ ልኬቶች መካከል ያለውን ልዩነት አሳዩኝ፤ ይህ ልዩነት ከመካከለኛው ዋጋ 30 በመቶ ካለፈ ውጤቱ አይታመንም፤ የእኔ 14 በመቶ ነበር። ከመጀመሪያው ክሊኒክ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ ይህ ቁጥር ጨርሶ አልነበረም። ከዚያ የ5.8ቱን ቁጥር በጣታቸው ነክተው «ይህ ነው ያንተ ውጤት» አሉኝ፤ የ297ቱን ደግሞ «ይህኛው ለቀጣዩ ጉብኝት መነሻ ይሁነን» ብለው የደም ግፊት መለኪያውን ወደ ክንዴ አመጡት።